የማጥፊያ ሁለት ብር

ደብረ ብርሃን፣ ከብርድ ልብስ ፋብሪካው በር ማዶ፣
ውርጭ ደጄ ላይ እንደ ወጥመድ ተጠምዶ፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ፎቶ አንሺ ነበርሁ፤
ፊት እያነሳሁ፣ አንገት እየሰረዝሁ።

ከመንዝ፣ ከሞላሌ፣ ከግሼ፣ ከጅሩ፣
ሴቶቹ ለፈረቃ ሥራ ሲቀጠሩ
ለመታወቂያ ፎቶ ወደኔ ይመጣሉ፣
ሻሻቸውን ስበው አንገት ይሸፍናሉ።
«ሻሹን አውልቂው» ስል ትሽኮረመማለች፤
«ይቺን ነገር አጥፋት» ቀስ ብላ ትላለች።

ይቺ ነገር ማለት፦ ከአገጭ እስከ ደረት
ረድፍ በረድፍ ወርዶ የሰፈረ ንቅሳት፤
ጥላሸት በእሾህ ጫፍ ቆዳ ውስጥ የገባ፣
የመስቀል አንጓና የገብስ ዛላ አበባ።

በአገሯ ሳለች ግን፣ ነቃሿ ስትመጣ
ልጃገረዱ ሁሉ በየተራ ወጣ፤
እናት ገብስ ሰፍራ፣ የእጇን ዋጋ ከፍላ፣
«ዝም በይ፣ ያምርብሻል» እያለች አባብላ።
«እንቅርት ያስቀራል» የሚልም ነበረ፤
ያልተነቀሰ አንገት ራቁቱን ቀረ።

ፋብሪካው ሲደርሱ ስሙ ሌላ ሆነ፦
ጌጡ «ገጠሬ ነው» ተብሎ ተኮነነ።
አንዱ ሰባኪ ወጥቶ «ኃጢአት ነው» አለ፣
በእናቱ ግንባር ላይ መስቀሉ እያለ።
ደላላውም መጣ፣ ለጅዳ ፓስፖርት፤
«ይሄ መስቀል» አለኝ «ባይታይ ምናለበት?»

እኔም እርሳስ ቀርጬ መብራት ላይ አጎነብሳለሁ።
ሒሳቡ ላይ እጨምራለሁ፦
ለማጥፊያ፣ ሁለት ብር።

ኔጋቲቭ ላይ እኮ ዓለም ግልብጥ ነው፤
ጥቁሩ ነጭ ሆኖ ነጩ ጥቁር ነው።
ንቅሳቷ እዚያ ላይ ይበራል እንደ ክር፤
በእርሳስ እደፍነዋለሁ፣ መስመር በመስመር።
ታትሞ ሲወጣ አንገቷ ልሙጥ ነው፣
ትናንት ኖራ እንደጠጣ ግድግዳ።
እሷም አየችና «እኔን አልመሰለም»
አላለችም። ከፈለች፣ ሄደች። ሌላ የለም።

ባለፈው ጥቅምት ነው። አንዲት ልጅ መጣች፤
ከጆሮዋ ጀርባ ቢራቢሮ አለች፣
ክንዷ ላይ ጽጌረዳ፣ ሰዓትና ፊደል፤
መርፌው በኤሌክትሪክ፣ ክፍያው በሞባይል።
ትርሲት ነው ስሟ። የማንያህልሻል ልጅ።
ከቦርሳዋ ፎቶ አወጣች፣ የእኔኑ የእጅ ሥራ፤
«የእናቴ አንገት የት አለ?» አለች።
ድምጿ አልተንቀጠቀጠም።
«ልጅ ሆኜ ሻሽ እንጂ አንገት አላየሁም።
በኋላ በረኪና በኖራ ለውሳ ቀባችው፤
ስንገንዛት ያየሁት ጠባሳ ብቻ ነው።
እኔ አንገት ላይ ላስነቅሰው ነው፤ ፎቁ ላይ ቀጠሮ ይዣለሁ።
ከራስህ ፈጥረህ እንዳትሰጠኝ።»

ካርቶኖቹን አወረድሁ። አቧራ፣ የአይጥ ኩስ፣
ሰማንያ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ኅዳር።
ወደ መስኮት ያዝሁት። ዘንበል ሳደርገው
እርሳሱ አብረቀረቀ።
እያንዳንዷን ጭረት ተከትያት ኖሯል፤
ለካ ሳጠፋው ነው ደግሜ የሳልሁት።

በጥጥ፣ በአልኮል፣ ቀስ እያልሁ ጠረግሁ።
መጀመሪያ ከአገጯ ሥር አንድ ነጥብ፣
ከዚያ ዛላው፣
ከዚያ አንጓው፣ አንዱ ክንዱ ትንሽ የተንጋደደ።
ነቃሿ አስነጥሷት ይሆን?
ትርሲት ስልኳን ይዛ ማንሳቱን ረሳች።

«ትርጉሙ ምንድን ነው?» አለችኝ መጨረሻ።
እንጃ። ጌጥ ነበረ፣ የእንቅርት ማርከሻ፤
ከዚያ ነውር ሆነ፣ ከዚያም የኔ ገበያ፤
ዛሬ ደግሞ ላንቺ እናት መፈለጊያ።

«ሒሳብ ስንት ነው?» ስትል መሳቢያ ከፍቼ
ሁለት ብር ሰጠኋት።
ሳቀች። «ይሄ ዛሬ ምን ይገዛል?»
ግን ወሰደችው።

ካርቶኑ እዚህ አለ። ስንት አንገት ተኝቷል!
ጣቴ ላይ የእርሳሱ ጥቁረት ቀርቷል፤
በሳሙና አሸሁት፣ ማታ በበረኪና።

ጠዋት ጥጥ ገዛሁ።
ማንም አልጠየቀኝም።
ከጅሩዎቹ ጀመርሁ።